ገለባው ትርፍ ነው ያለህ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። በኬሚስትሪ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሥራ ግን የለም። አጎቴ ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታል፣ ገለባው ተከምሮ ይቀመጣል። ከእሱ ሲኤምሲ (ከሴሉሎስ የሚሠራ፣ ፈሳሽ የሚያወፍር ዱቄት) አውጥቼ ለፈሳሽ ሳሙና ሠሪዎች ልሽጥ ብዬ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ብጀምር ምን ይሉኛል? እምቦጩስ አይሆንም? እሱ እንኳ በነፃ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ የዋዛ አይደለም። ግን መጀመሪያ አጎትህን ጠይቃቸው። ክምሩን ያየኸው ኅዳር ወይ ታኅሣሥ፣ አጨዳ ሰሞን ይመስለኛል። እስቲ ግንቦት ላይ ሄደህ ፈልገው። ላሞቹ ጨርሰውታል። ከብቱ ጠግቦ የሚተርፍ ካለ ያኔ እናውራ።

አለ እንበል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ውስጥ ሴሉሎሱ፣ ማለትም ሲኤምሲ የሚሠራበት የተክሉ ቃጫ፣ ወደ 35 ኪሎ ግድም ነው፣ አንተ እጅ ላይ የሚቀረው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሌላው ሄሚሴሉሎስ፣ ቃጫውን የሚያጣብቀው ሊግኒንና አመድ ነው። የሩዝ ገለባ ሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት ማዕድን) ይበዛበታል፤ ማጭድ የሚያዶለዱመው እሱ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ስትቀቅለው ሊግኒኑም ሲሊካውም አብሮ ይወጣና ሴሉሎሱ ይቀርልሃል፣ ችግሩ የሚተርፈው ጥቁር ፍሳሽ ነው፣ እሱን ለቦይ ከሰጠኸው መድረሻው ጣና ወይ አባይ ነውና ማስወገጃውን ሳታበጅ ድስት እንዳትጥድ።

ሰርቪስ ቤቷን ግን እርሳት። ሴሉሎሱን ወደ ሲኤምሲ የሚቀይረው ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ነው። ይሄ ነገር ቀልድ አያውቅም፣ በቆዳ ዘልቆ ይገባል፣ ሰፊ በማይመስል ቃጠሎ እንኳ ሰው ገድሏል። በዚያ ላይ ሥራው የሚሠራው አልኮል ውስጥ ነው፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ለሰዓታት። እናትህ ጎን ቡና እያፈሉ! የጋዝ መምጠጫ ያለው ላብራቶሪ ፈልግ፣ የተማርክበት ቦታ ሄደህ ለምናቸው፣ በ20 ግራም ጀምር።

ሠርተኸው ውሃ ውስጥ አልሟሟ ካለህ አትደንግጥ፣ በቂ ምትክ፣ ማለትም ሴሉሎሱ ላይ የሚተከለው የአሲዱ ክፍል፣ አልገባበትም ማለት ነው። ሴሉሎሱ በተሠራበት በእያንዳንዱ የግሉኮስ ቤት ምትኩ በአማካይ 0.4 ገደማ ካልደረሰ አይሟሟም፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከ0.65 እስከ 0.95 ነው። ስታሟሟውም ዱቄቱን በአንዴ እንዳትገለብጠው። እኔ አንዴ ገልብጬው እንደ ተበላሸ ገንፎ ተጓጉሎ፣ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ሦስት ሰዓት ሳማስል ዋልኩ። ውሃውን እያዞርክ ቀስ እያልክ ነስንሰው። ከዚያ ከሱቅ ከገዛኸው ጋር በእኩል መጠን አሟሙተህ ውፍረቱን አወዳድር። ያንተ እንደ አጥሚት ወፈር ካለ ተስፋ አለህ።

አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ግን አትግባ። ለምግብ የሚሆነው 99.5 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ያንተ መጀመሪያ ላይ ጨው ይቀርበታል። ለልብስ ሳሙና ችግር የለውም፣ እንዲያውም ከልብስ የወጣው ቆሻሻ ተመልሶ እንዳይለጠፍ ያግዛል። ባሕር ዳር ደግሞ የጨርቃጨርቅ ከተማ ናት። ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ የሚቀባው ነገር በስታርችም በሲኤምሲም ይሠራል፣ ሲኤምሲው በውሃ ቶሎ ይታጠባል። ያንን ገበያ እኔ ብሆን ከሳሙናው ቀድሜ እጠይቅ ነበር።

እምቦጩ? ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 10 ኪሎ አውጥተህ ስታደርቀው አንድ ኪሎ አይሞላም፣ በዚያ ላይ ሴሉሎሱ ከገለባው ያነሰ ነው። ነፃ የሚመስለው የጭነት ሒሳቡ እስኪመጣ ነው። ካልክም እዚያው ዳር ላይ አድርቀህ ጫነው። እርጥቡ ቁራጭ መንገድ ላይ ኩሬ ውስጥ ከወደቀ እንደገና ይበቅላል።