ዲያቆኑ ልጅዎ ሥነ መለኮት ተምሮ የት እንደሚሠራ ለጠየቁን እናት

እናታችን፣ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ዲያቆን ልጄ ቅድስት ሥላሴ የሥነ መለኮት ትምህርት ተቋም መግባት ይፈልጋል፤ አባቱ ግን ተመርቆ ምን ሊበላ ነው ይለኛል» ብለው ለጠየቁት፣ እዚያው የተማርሁ በመሆኔ ያየሁትን ልንገርዎ።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1942 በትምህርት ቤትነት ተከፍቶ፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የነበረ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳግም የተከፈተ ነው። ትምህርቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ስብከት መለማመድ ብቻ አይደለም፤ ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ጥናት፣ ከነገረ ሃይማኖትና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር ግእዝ፣ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ይሰጣል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግሪክኛው ነበር። ቅኔ ቤት ግስ ሲገሥሥ ያደገ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ግን ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንድ በኩል የግሪኩን ግስ፣ በሌላው የግእዙን ርባ ግስ (የግስ እርባታ) እየጻፈ ሌሊት ያስጠናኝ ነበር። ከአብነት ትምህርት ቤት፣ ማለትም ከባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ይዞት የመጣው ዕውቀት ከሁላችን አስቀደመው።

ወደ አባትየው ጥያቄ ስመለስ፣ ተመራቂው በአብዛኛው የሚቀጠረው በቤተ ክርስቲያኒቱ መዋቅር ውስጥ ነው፦ በአጥቢያ ሰባኬ ወንጌልነት፣ በወረዳ ቤተ ክህነትና በሀገረ ስብከት በክፍል ኃላፊነት፣ በካህናት ማሠልጠኛ በመምህርነት፣ ጥቂቱም በቤተ ክርስቲያኒቱ የልማት ኮሚሽን ወይም በትርጉም ሥራ። የቅዳሴ ትምህርቱን አጠናቆ እንግሊዝኛ የሚችል ካህን ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች፣ እዚያ የተወለዱትን ልጆች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስተምር አጥብቆ ይፈለጋል።

ደመወዙን በተመለከተ የባለቤትዎ ስጋት እውነት አለው። የአጥቢያ ሠራተኛ የሚከፈለው ከአጥቢያው ገቢ ስለሆነ፣ በከተማ ደብርና በገጠር ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። እኔ መጀመሪያ የተመደብሁባት የገጠር አጥቢያ ምእመናኑ መከር እስኪሰበስቡ ድረስ ደመወዜን መክፈል ያልቻለችባቸው ወራት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ አያያዝ ተምሬ በሀገረ ስብከት የሒሳብና የስብከት ሥራ አጣምሬ መሥራት የጀመርሁት። ዲግሪው ብቻውን በር የከፈተለት ጓደኛ ብዙ አላውቅም፤ ግእዝ፣ ዜማ ወይም ሌላ ሙያ የደረበው ግን ሥራ ፈትቶ አላየሁም።

ስለዚህ ልጅዎ የጀመረውን የቅዳሴ ትምህርት ሳይጨርስ ወደ ተቋሙ አይግባ። ለመደበኛው መርሐ ግብር የሀገረ ስብከቱ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚጠየቅና ደብዳቤውም ከአጥቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ ስለሚመጣ፣ ምዝገባ እስኪታወጅ ሳይጠብቅ ከወዲሁ የደብሩን አስተዳዳሪ ያነጋግር።