መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ ያለ ሪሲቨር

ጥያቄ፦ ስድስት ዓመት ያገለገለኝ የዲሽ ሪሲቨር ካልጠፋ ምንም እንከን የለበትም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ቀዩ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግማሽ ሰዓት ያህል ካልቆየ አይነሳም። ያሳየሁት ባለሙያ «ያበጠም የተቃጠለም ነገር ስለሌለ ቦርዱ ይቀየር» ብሎኛል። ሌላ መፍትሔ የለውም? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እባክዎ ቦርዱን ለጊዜው አያስቀይሩ። በነገሩን ምልክት መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው በፓወር ሰፕላዩ (የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለሪሲቨሩ በሚስማማው መጠን በሚቀይረው ክፍል) ላይ ያለ አንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም ሳያብጥ ሊደርቅ ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ካፓሲተር በውስጡ የተጠቀለለ ስስ አሉሚኒየምና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት አለው። ሙቀት ሲበዛበት ፈሳሹ ከሥሩ ባለው የጎማ ውታፍ በኩል ቀስ በቀስ ይተናል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ የውስጥ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት እንዲሠራ የተመረተ ካፓሲተር፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ65 ዲግሪ 32000 ሰዓት ያህል ይቆያል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም፣ በአዳማ ሙቀት ዳንቴል ለብሶ ሌት ተቀን ተሰክቶ ለሚውል ሪሲቨር አራት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ፓወር ሰፕላዩን የሚያዘው አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋን ቅጽበት የሚሻገረው ብዙውን ጊዜ 22 ወይም 47 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) በሆነው በዚህ ካፓሲተር ጉልበት ነው። ከተነሳ በኋላ ትራንስፎርመሩ ራሱ ስለሚመግበው የካፓሲተሩ ድርቀት ሳይታወቅ ይቆያል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን አይሲው ይጀምርና ይቋረጣል፣ ደግሞ ይጀምራል። የሚያዩት ብልጭታ ይህ ነው። ቆይቶ የሚነሳውም ሙቀት ሲያገኝ የቀረው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በተሻለ ስለሚያሳልፍ ነው። በእጄ ከገቡት ካፓሲተሮች አንዱ ላዩ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ፣ 47 የተጻፈበት ሲለካ 10 እንኳ አልሞላም።

ባለሙያው ሶኬቱን ነቅሎ ካፓሲተሩን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቀው፤ ሲሰካ ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ምትኩ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ 105 ዲግሪ የሚል ይሁን፤ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ግን አይቀበሉ። ነጩ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። ትልቁ ባለ 400 ቮልት ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ተለክቶ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም ቦርዱን እንዳይነካ አደራ እላለሁ።