ደንበኛው «ጠበቃዬ» ሲልሽ፦ ለአዲስ ፓራሊጋል የተሰጠ ምላሽ

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ሰርተፍኬት ይዘሽ አንድ አነስተኛ የኢሚግሬሽን ሕግ ቢሮ እንደቀጠረሽ፣ አሠሪሽም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ እየገባ «የአማርኛ ተናጋሪዎቹን ጉዳይ አንቺው ያዢው» እንዳለሽ ጽፈሽልናል። ለደንበኛ ያለብሽ ግዴታ እስከ የት እንደሆነም ጠይቀሻል።

ደንበኛው ውል የፈረመው ከጠበቃው ጋር ነው፤ ታሪኩን የሚነግረው ግን ለአንቺ ነው። ቋንቋውን ስለምትችይ ጠበቃው የማይሰማውን ትሰሚያለሽ። ግዴታሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሰማሽው ሳይጎድል ጠበቃው ዘንድ ይድረስ፣ ከቢሮው አይውጣ፣ ከራስሽ የሆነ የሕግ መልስም አይጨመርበት።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሜሪላንድ ለፓራሊጋል የሙያ ፈቃድ አይሰጥም። በግዛቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ 19-305.3 መሠረት ሥራሽን የመቆጣጠር ኃላፊነት የጠበቃው ነው። ይህ ግን አንቺን ነጻ አያወጣሽም፤ ያለ ፈቃድ የጥብቅና ሥራ መሥራት ወንጀል ነው። ናላ የተባለው የፓራሊጋሎች ማኅበርም በ1975 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ፓራሊጋል ደንበኛ እንዳይቀበል፣ ክፍያ እንዳይወስን፣ የሕግ ምክር እንዳይሰጥ ይከለክላል።

«የኢንተርቪው ቀኔ መቼ ነው?» ለሚል ሰው ቀኑን መንገር ምክር አይደለም። «የትኛውን ፎርም ልሙላ?»፣ «አሳይለም (ጥገኝነት) ይሻለኛል ወይስ በትዳር?»፣ «ያንን እስር ባልጠቅሰው ምን ይለኛል?» ለሚሉት መልስ መስጠት ግን ምክር ነው፤ መልሱን አብጠርጥረሽ ብታውቂውም። በመጀመሪያው ስልክ ላይ «ፓራሊጋል ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም» በይ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ «ይህን የሚመልስልዎት ጠበቃው ነው፤ ጥያቄዎን አሁኑኑ ጽፌ እልክለታለሁ፣ ነገ እደውልልዎታለሁ» በይና በቀጠሮሽ ደውይ። የእሱን መልስ፣ የእሱ መሆኑን ተናግረሽ፣ በአማርኛ ማድረስ ትችያለሽ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እሱስ ይሁን፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ሲሏቸው ነው። ለእናት ለአባት አልመልስም ማለት በእኛ ባህል ይከብዳል፤ ነገር ግን በቅንነት የተሰጠ የተሳሳተ መልስ የሚጎዳው እኚያኑ አዛውንት ነው።

የአሳይለም ማመልከቻው፣ ፎርም አይ-589 ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። በክፍል ኢ ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው የሚፈርመው ቃል፣ የተሞላው ማመልከቻ አመልካቹ በሚረዳው ቋንቋ ተነቦለት አረጋግጦ በፊቱ እንደፈረመ ይገልጻል። በተግባር የምታነቢው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ባዶ ፎርም አታስፈርሚ፤ «አምንሻለሁ፣ አታንብቢው» ቢልሽም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢለት፤ ያነበብሽበትን ቀን በፋይሉ ጻፊ።

ትልቁ ስህተት የሚገባው በዘመን አቆጣጠር ነው። «ሰኔ 15 ቀን 2012 ታሰርኩ» የሚል ሰው በፈረንጆቹ ጁን 22 ቀን 2020 ማለቱ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ 8 ነው። ሰኔ ላይ በስህተት 7 ከደመርሽ እስሩ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ የአሳይለም ኦፊሰሩ ደግሞ ከሕክምና ወረቀቱ ጋር ያስተያየዋል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ማለትም በፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው። ማስታወሻሽ ላይ ደንበኛው እንዳለው ጻፊ፣ አጠገቡ የተቀየረውን አስቀምጪ፤ የመጀመሪያውን አትሰርዢ።

ደንበኛው «ይህ አልሆነም፣ ግን ጻፊልኝ» ካለሽ አትጻፊ፤ በዚያው ቀን ለጠበቃው ንገሪው። ሆን ተብሎ በሐሰት የተፈጠረ የአሳይለም ማመልከቻ አመልካቹን ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊያስከለክለው ይችላል። «ለጠበቃው እንዳትነግሪው» ለሚል ሰው ቃል አትግቢ፤ እንደማትችይ ምስጢሩን ከማውጣቱ በፊት ንገሪው።

ምስጢር መጠበቅ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ከሌላው ይበልጥ ይፈትናል። ቤተ ክርስቲያን ላይ «የእገሌ ኬዝ ምን ደረሰ?» ትባያለሽ። «ደህና ነው» ማለት እንኳ ሰውየው የቢሮው ደንበኛ መሆኑን መግለጥ ነው። «የቢሮ ጉዳይ አላወራም» ይበቃል፤ ሁልጊዜ፣ ለሁሉም እንዲሁ በይ። ግዴታው ኬዙ ሲዘጋም፣ አንቺ ቢሮ ስትቀይሪም አያልቅም። ፓስፖርትና የሕክምና ወረቀት በግል ስልክሽ በቴሌግራም አትቀበዪ። ባልና ሚስት በአንድ ፋይል ካሉና ሚስት ብቻዋን ደውላ ስለ ድብደባ ከነገረችሽ፣ ለባል ምንም ሳትይ ወዲያው ለጠበቃው አሳውቂ፤ የጥቅም ግጭት ስለሆነ ለሁለቱም መቆም ላይችል ይችላል። አንቺም ዘመድሽ ወይም በቀድሞ ሥራሽ የምታውቂው ሰው ያለበት ጉዳይ ካለ ፋይሉን ሳትከፍቺ ተናገሪ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ለወደፊት ሥራ የተከፈለ ገንዘብ ወደ ቢሮው የአደራ አካውንት (የደንበኞች ገንዘብ ተለይቶ ወደሚቀመጥበት) ይገባል፤ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበልሽ በዚያው ቅጽበት ደረሰኝ ቁረጪ። ባመጣሽው ደንበኛ ቁጥር ኮሚሽን ቢሰጥሽ አትቀበዪ፤ የጥብቅና ክፍያን ጠበቃ ላልሆነ ሰው ማካፈል ክልክል ነው። ደመወዝሽ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይከፈልሽ።

«ቤት ቀየርኩ» የሚል ስልክ ቀላል ወሬ አይምሰልሽ። አድራሻ የቀየረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 የተባለውን የአድራሻ ለውጥ ፎርም ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መላክ አለበት፤ ኬዙ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ካለ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ ኢኦአይአር-33 የተባለው የፍርድ ቤቱ የአድራሻ ለውጥ ፎርም ያስፈልጋል። መጥሪያው አሮጌ ቤት ደርሶ ደንበኛው ካልቀረበ በሌለበት የማስወጣት ትእዛዝ ሊወሰንበት ይችላል። አሜሪካ ከገባ አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ አሳይለም ገና ያላስገባ ሰውም እንዲሁ በዚያው ሰዓት ጠበቃው እጅ መግባት አለበት።

ወደ አሠሪሽ ልመለስ። በሳምንት ሁለት ቀን መግባቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ «አንቺው ያዢው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ሥራ ሳትጀምሪ ጠይቂው። እያንዳንዱን ፎርም ከመላኩ በፊት ያነባል? አዲስ ደንበኛ ራሱ ያነጋግራል? በማይገባባቸው ቀናት አስቸኳይ ጉዳይ በምን ታገኚዋለሽ? መልሱን በኢሜይል ጠይቀሽ በጽሑፍ ያዢ። «ፊርማዬን አንቺ አስቀምጪ» ካለሽ ግን ሌላ ሥራ ፈልጊ።

ደንበኛን በራስሽ መወከል ከፈለግሽ ሕጋዊ መንገድ አለ። በፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ባገኘ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ውስጥ እየሠራሽ፣ ሥልጠና ወስደሽ፣ በድርጅቱ በኩል እውቅና ያለው ተወካይ ለመሆን ማመልከት ትችያለሽ። ከፊል እውቅናው ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፊት፣ ሙሉው ደግሞ ፍርድ ቤትም ያስቆማል፤ በየ3 ዓመቱም ይታደሳል።