ያላለቀ የሚመስለው የቺካጎ ሕንፃ

ጥያቄ፦ በቺካጎ ከተማ በታክሲ ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ድሮ ሲርስ ታወር፣ አሁን ዊሊስ ታወር በሚባለው ጥቁር ሕንፃ ሥር በቀን ብዙ ጊዜ አልፋለሁ። በቅርቡ ልጄ «አባዬ፣ ይህ ሕንፃ ለምን እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይሄዳል? አላለቀም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት። ይህን ያህል ከፍታ ይዞስ የቺካጎን ነፋስ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የሕንፃውን ዋና ምስጢር ነው ያየችው። ሥራው መሀል ላይ የቆመ የሚያስመስለው ያ ደረጃ ሆን ተብሎ የተነደፈ ነው፤ ምክንያቱም አንድም የባለቤቱ ፍላጎት፣ አንድም እርስዎ ያነሡት ነፋስ ነው።

ሲርስ በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ትልቁ የችርቻሮ ንግድ ድርጅት ነበር። በከተማው ተበታትነው የሚሠሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ለመሰብሰብ ሲወስን፣ ለራሱ እጅግ ሰፋፊ ወለሎች፣ ከላይ ለሚያከራየው ክፍል ደግሞ ጠበብ ያሉ ወለሎች አስፈለጉት። ሥራው ስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል ለተባለው ድርጅት ተሰጠ፤ አርክቴክቱ ብሩስ ግራሃም፣ የመዋቅር መሐንዲሱ ደግሞ ፋዝሉር ካን ነበሩ።

ካን በ1929 በዳካ ተወልደው በ1952 ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጡ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት እንደ ኤምፓየር ስቴት ያሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ክብደቱንም ነፋሱንም የሚሸከሙት ከዳር እስከ መሀል በተደረደሩ የብረት ምሰሶዎችና አግድሞች ነበር፤ በዚህ መንገድ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ብረት ከልክ በላይ ይበዛል። ሸንበቆን ልብ ብሎ ያየ ሰው የካንን መፍትሔ ለመረዳት አይቸገርም። ሸንበቆ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ ነፋስ የማይሰብረው ጥንካሬው ሁሉ በዙሪያው ስላለ ነው። ካንም ምሰሶዎቹን ወደ ሕንፃው ዳር አውጥተው፣ አቀራርበው ተክለውና በጠንካራ አግድሞች አስተሳስረው ሕንፃውን በሙሉ አንድ ቱቦ አደረጉት።

ይሁን እንጂ ቱቦው በጣም ሲሰፋ ሌላ ችግር ይመጣል። ምሰሶዎቹን የሚያስተሳስሩት አግድሞች በመጠኑ ስለሚለመጡ፣ ነፋሱ የሚያመጣው ሸክም በየማዕዘኑ ወዳሉት ምሰሶዎች ይሸሻል፤ በየጎኑ መሀል ያሉት ግን ድርሻቸውን አይሸከሙም። ካን ለዚህ ያገኙት መልስ ዘጠኝ ቱቦዎችን ሦስት በሦስት አድርጎ አንድ ላይ ማሰር ነበር። የእያንዳንዱ ቱቦ ጎን 23 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጎን ለጎን የቆሙት ቱቦዎች ግድግዳ ስለሚጋሩ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉት የውስጥ ምሰሶዎች ሸክሙን ያከፋፍሉታል። ግራሃም ሐሳቡን ያስረዱት ሲጋራዎችን በአንድ ላይ ጨብጠው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ በማሳየት ነበር ተብሎ ይተረካል፤ እውነትም እያንዳንዱ ቱቦ ለብቻው ጠንካራ ስለሆነ፣ የቀሩት ሳይናጉ በተፈለገው ፎቅ ላይ ሊቆም ይችላል።

የልጅዎ ደረጃ የመጣው ከዚህ ነው። ዘጠኙም ቱቦዎች እስከ 50ኛው ፎቅ አብረው ይወጣሉ፤ እዚያ ላይ ሁለቱ በሰያፍ የሚተያዩ የማዕዘን ቱቦዎች ያበቃሉ፤ በ66ኛው የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች፣ በ90ኛው ደግሞ ሦስት ሌሎች ያበቃሉ፤ እስከ ጫፍ የሚደርሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ መለዋወጥ ለነፋሱም ይበጃል። ነፋስ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ሲያገኝ በግራና በቀኝ ተራ በተራ አዙሪት እየፈጠረ ሕንፃውን ይወዘውዛል፤ ቅርጹ ሲለዋወጥበት ግን አዙሪቶቹ ኃይላቸውን ማስተባበር ያቅታቸዋል። የዱባዩ ቡርጅ ካሊፋም እየጠበበ የሚወጣው በዚሁ ብልሃት ነው።

ከመንገድ ሆነው ቀና ሲሉ ጥቁር ቀበቶ የሚመስሉ መስመሮች ያያሉ። የማሽን ፎቆች ናቸው፤ በውስጣቸው ቱቦዎቹን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያስሩ የብረት ማሰሪያዎች አሉ። ሕንፃው ግን ጨርሶ አይነቃነቅም ማለት አይደለም፤ ንድፉ ጫፉ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ድረስ እንዲወዛወዝ ይፈቅድለታል።

ግንባታው በነሐሴ 1970 ተጀምሮ የመጨረሻው ብረት በግንቦት 1973 ከጫፉ ላይ ወጣ። 442 ሜትሩ ሕንፃ፣ በ1998 የኳላ ላምፑር ፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች ከፍታውን እስኪበልጡት ድረስ የዓለም ረጅሙ ነበር። ሲርስ በ1990ዎቹ ለቅቆ ወጣ፤ የአሁኑን ስም በ2009 ያገኘው ዊሊስ ከተባለ የኢንሹራንስ አገናኝ ድርጅት ነው።

እኛ ግን ለልጅዎ እንዲነግሯት የምንፈልገው ስም ሌላ ነው። ጃክሰንና ፍራንክሊን መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ ከሕንፃው ግርጌ፣ ከተማው በካን ስም የሰየመው የመንገድ ምልክት ተሰቅሏል። ከተሳፋሪ ነፃ የሆኑ ቀን ልጅዎን ይዘው ይሂዱና መጀመሪያ ምልክቱን ታንብብ፤ ከዚያም ቀና ብላ ቱቦዎቹን ትቁጠር።