3.7 አምጥታ ለምን አልተመረጠችም?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ሰባተኛ ክፍል ነች። አማካይ ውጤቷ ከ4.0 3.7 ሆኖ ሳለ ናሽናል ጁኒየር ኦነር ሶሳይቲ (በየትምህርት ቤቱ ያለ የመለስተኛ ደረጃ ጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር) ሳይቀበላት ቀረ። ምን ጎደላት?

መልስ፦ ውጤት ለመታጨት እንጂ ለመግባት ዋስትና አይደለም። የማኅበሩ መነሻ 3.0 ወይም 85 ከመቶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቀጥሎ አምስት መምህራን አገልግሎትን፣ መሪነትን፣ ጠባይንና ዜግነትን አይተው በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። ጎበዝ ተማሪ ሊወድቅ የሚችለው ስለ አገልግሎቱና ስለ መሪነቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። «ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ» ማለት ምንም አይነግራቸውም። «ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር በየቅዳሜው ለሁለት ሰዓት ያህል ሕፃናትን ፊደል አስቆጥሬያለሁ» ብላ ትጻፍ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊም ይፈርምበት። የማኅበሩን አስተባባሪ መምህር ቀርበው ያነጋግሩ፤ የሚቀጥለውን ዙር ቀነ ገደብም ይጠይቁ። በነገራችን ላይ፣ መግቢያው በትምህርት ቤቱ በኩል ብቻ ነው፤ ገንዘብ ክፈሉና አባል ሁኑ የሚል ደብዳቤ በፖስታ ቢመጣ ከዚህ ማኅበር አይደለም።