«እሺ» ዕዳ ናት

ልጆቼ፣ ከዓመታት በፊት ነሐሴ 29 ቀን ማታ አንድ ደንበኛዬ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ደረሰኝ በሁለት ጥቁር ፌስታል ጠቅጥቆ መጣ። «አፈር ስሆን ጋሼ፣ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ይድረሱልኝ» አለኝ። ያኔ የደረጃ ለ ግብር ከፋይ ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ሂሳቡን የሚያሳውቅበት 2 ወር ነበረው። ሰውዬው 59ኙን ቀን ለራሱ ተጠቅሞ አንዷን ለእኔ አመጣልኝ። እሺ አልኩት።

ፌስታሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ ይለቃል፤ ግማሹን ደረሰኝ አምፖል ሥር እያጋደልኩ ነው ያነበብኩት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሂሳቡ በ1,800 ብር አልገጥም አለኝ። እስከ 9 ሰዓት ፈለግኩ፣ አጣሁት፣ ተኛሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ልዩነቱ ለ9 እንደሚካፈል አየሁ። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ የሙያው ሀ ሁ ነው። 6,840 የሚለውን 8,640 ብዬ ጽፌዋለሁ። ሌሊቱን ያንኑ ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳየሁት!

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት የሚፈልገውን ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ጨርሼ ነው ስልኬን ከመሳቢያ የማወጣው። ማኅተም ማስመታት፣ ባንክ ቤት መሰለፍ፣ የቴሌግራም መልእክት መመለስ ከሰዓት በኋላ ይድረሳቸው። ስለ ሰዓት አጠቃቀም የምነግራችሁ ይኸው ነው።

ዋናው ጉዳዬ ያቺ «እሺ» ናት። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ይህን ያሉት አባቶች ሂሳብ ሠራተኞች አልነበሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። በእኛ ሙያ ዕቃ በዱቤ የወሰደ ሰው ገና ሳንቲም ባይከፍልም ዕዳው የዚያኑ ዕለት ይመዘገባል። እኔ የሰውን ዕዳ በቀኑ እየመዘገብኩ የራሴን የትም ጽፌው አላውቅም። የእድሩን ሂሳብ መርምርልን፤ እሺ። ለአክስትህ ልጅ ሽማግሌ ሁነህ ሂድ፤ እሺ። የንግድ ፈቃድ የማድስበትን ወረቀት አዘጋጅልኝ፤ እሺ።

ሰኔ 30 በጀት ዓመቱም ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለች ሰርተፊኬት ስትቀበል እገኛለሁ ብያት ነበር። ለአንድ ነጋዴም የመጋዘኑ ቆጠራ ላይ እገኛለሁ ብዬዋለሁ፤ በዚያው ቀን። ነጋዴው ይቆጣል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ቅጣት አትጥልም። የብረት ድስት ስቆጥር ዋልኩ። ማታ ምንም አላለችኝም። በዓመቱ የጥሪውን ወረቀት ለአጎቷ ነው የሰጠችው፤ እሱ ሲያሳየኝ አወቅኩ።

ያኔ ደብተር ገዛሁ። በግራ ለማን እሺ እንዳልኩ፣ በቀኝ መቼ እንደሚከፈል። በቀኝ በኩል ቦታ ከሌለ «ደብተሬን ልይና ነገ እደውልልሃለሁ» እላለሁ። ነገም እደውላለሁ፤ አልችልም ለማለትም ቢሆን። በመጀመሪያው ዓመት ያኮረፉኝ ነበሩ። ሁለት ደንበኛም ሄደብኝ፤ አንዱ ባለፌስታሉ ነው። (የዚያን ሌሊቱንም ሒሳብ ሳይከፍለኝ ነው የሄደው።)

ለቅሶን ግን ደብተር ውስጥ አትፈልጉት። ስልክ ላይ የሚመክሯችሁ ሰዎች ጊዜ የሚበላውን ሁሉ ቁረጡ ይላሉ፤ ጎረቤት የሌለው ሰው ምክር ይመስለኛል። ሞት ቀጠሮ አያስይዝም፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም አልይዝበትም። ሰልስት ካለ እሄዳለሁ፤ ከሌለ እተኛለሁ።

ልጄ አሁን እሷም መሥሪያ ቤት ገብታ የልጅ እናት ሆናለች። ባለፈው ሰኔ ደወለችልኝ፤ «አባዬ፣ ሰኔ 30 ሥራ ይይዘኛል፣ የልጁን ሰርተፊኬት አንተ ተቀበልልኝ» አለችኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቀኑ ባዶ ነበር።

«አልችልም» አልኳት።