መልስ፦ በአልባትሮስ ቢ 2 ላይ ቃኚው ለምን ከፊት ተቀመጠ?

ወንድሜ፣ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት በነበረው የጀርመን የቅኝት አውሮፕላን፣ በአልባትሮስ ቢ 2፣ አብራሪው ከኋላ፣ ቃኚው ከፊት የተቀመጠው ለምንድን ነው? ነገሩ ተገላቢጦሽ አይሆንም ወይ?» ላልከው፣ ምክንያቱ የክብደት ሚዛን ነው። የፊተኛው መቀመጫ በክንፎቹ መካከል፣ አውሮፕላኑ ሚዛኑን ከሚጠብቅበት ነጥብ አጠገብ ነው። ስለዚህ ቃኚው ኖረም አልኖረም አፍንጫው አይደፋም፣ ጅራቱም አይከብድም። 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ባለው የመርሴዲስ ሞተር ለሚበር አውሮፕላን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

ዋጋውን የከፈለው ግን ቃኚው ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ሥራው ቁልቁል ማየት ሆኖ ሳለ ከሥሩ የታችኛው ክንፍ፣ ከራሱ በላይ የላይኛው፣ ግራና ቀኙን ደግሞ ቋሚ እንጨትና የተወጠረ ሽቦ ይጋርደዋል። በ1914 እ.ኤ.አ. የቢ መደብ አውሮፕላኖች መትረየስ አልነበራቸውም። ቢኖራቸውም እንኳ ከዚያ መቀመጫ በቀጥታ ወደ ፊት የተኮሰ ሰው የራሱን ፕሮፔለር ይመታ ነበር።

በ1915 መትረየስ የታጠቁት የሲ መደብ አውሮፕላኖች ሲመጡ ቃኚው ወደ ኋላ ተዛወረ፤ በሚሽከረከር ቀለበት ላይ የተተከለ ፓራቤለም መትረየስም ተሰጠው። ቢ 2 ግን አልተጣለም፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ አብራሪዎች ሠልጥነውበታል።